ቫይታሚን ዲ እና የአጥንት ጤና በካንሰር በታመሙ ሕፃናት

መግቢያ

በሕፃናት ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች መካከል በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ወይም ሉኪሚያ ነው። ከሉኪሚያ ዓይነቶችም ውስጥ አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለው ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ይህ በሽታ በማናቸውም ዕድሜ ሊከሰት ቢችልም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይበረታል። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ሕይወቱ ያልፍ ነበር። በ1948 አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ፋርበር በቦስተን ከተማ አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት በመስጠት በሽታውን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማስታገስ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን በማቀናጀት በተደረገው ጥረት፣ ዛሬ የተሟላ ሕክምና በሚሰጥባቸው አገሮች በዚህ በሽታ ከተያዙት አሥር ሕፃናት መካከል ዘጠኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት ይቆያሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉ እንጠይቃለን።

ይህ ታላቅ ድል ቀድሞ ያልነበረ ጥያቄ አስከትሎ መጣ። ሕፃኑ የማይድን በነበረበት ዘመን ስለ አጥንቱ የሚጨነቅ ሐኪም አልነበረም። አሁን ግን በአራት ዓመቱ ታሞ የዳነ ሕፃን ገና ስድሳና ሰባ ዓመት ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ዘመን ቆሞ የሚሄድበት አጥንት ደግሞ የሚሠራው በሽታውና ሕክምናው በሚፈራረቁበት በዚያው የልጅነት ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ካንሰርና ሕክምናው በሕፃናት አጥንት ላይ ምን እንደሚያደርሱ መግለጽ፣ እንዲሁም ቫይታሚን ዲ በዚህ ረገድ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማሳየት ነው።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው

አጥንት ሲታይ እንደ ድንጋይ ደረቅና የማይለወጥ ይመስላል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። አጥንት በሁለት ዋና ዋና ነገሮች የተገነባ ነው። አንደኛው ኮላጅን የተባለ እንደ ገመድ የተገመደ ፕሮቲን ሲሆን ለአጥንት የመለጠጥና የመታጠፍ ችሎታ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለ ማዕድን ሲሆን ለአጥንት ጥንካሬ ይሰጠዋል። በሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ የሚሆነው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው።

ይህን በቀላል ሙከራ ማየት ይቻላል። ሥጋው በሚገባ የጸዳ የዶሮ እግር አጥንት አቼቶ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀመጥ፤ አቼቶውም በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። አቼቶው አሲድ ስለሆነ የአጥንቱን ማዕድን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በመጨረሻም የሚቀረው ኮላጅኑ ብቻ ስለሚሆን አጥንቱ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል። ሌላ አጥንት በእሳት ቢቃጠል ደግሞ ኮላጅኑ ጠፍቶ ማዕድኑ ይቀራል፤ ይህም አጥንት በጣት ሲጫኑት ይፈረካከሳል። ጤናማ አጥንት የሁለቱ ውሕደት ነው።

በአጥንት ውስጥ ሁልጊዜ ግንባታና ማፍረስ ይካሄዳል። ኦስቲዮክላስት የተባሉ ሕዋሳት ያረጀውን አጥንት ሲያፈርሱ፣ ኦስቲዮብላስት የተባሉት ደግሞ በፈረሰው ምትክ አዲስ ይገነባሉ። በልጅነት ዘመን ግንባታው ከማፍረሱ ይበልጣል። በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ የሚገኘው ለስላሳ የካርቲሌጅ ክፍልም እየተባዛና ማዕድን እየተሞላ ወደ አጥንት ስለሚለወጥ ሕፃኑ ቁመት ይጨምራል። የሰው ልጅ በሕይወት ዘመኑ ከሚኖረው ከፍተኛ የአጥንት ክምችት 90 በመቶ ያህሉ እስከ ሃያ ዓመት ዕድሜ ገደማ ድረስ ይጠናቀቃል።

ይህን ክምችት በጎተራ ልንመስለው እንችላለን። በመኸር ወቅት ጎተራውን የሞላ ገበሬ ክረምቱን ያለ ሥጋት ያሳልፋል። በመኸሩ ጊዜ የታመመ ገበሬ ግን በጎደለ ጎተራ ክረምቱን ይጋፈጣል። ካንሰር በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ልክ በዚህ የመኸር ወቅት ነው።

ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ እስከ አጥንት

በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በጭስ በተሸፈኑት የአውሮፓ የኢንዱስትሪ ከተሞች የብዙ ሕፃናት እግር ይጎብጥ ነበር። ይህ ሪኬትስ የተባለ በሽታ ሲሆን፣ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ማዕድን ሲያጣ የሚከሰት ነው። በ1919 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ኤድዋርድ ሜላንቢ ቡችሎችን በቤት ውስጥ በማሳደግና በአብዛኛው እህል በመመገብ በሪኬትስ እንዲያዙ አደረጉ፤ ቀጥሎም የዓሣ ጉበት ዘይት በመስጠት አዳኗቸው። በዚያው ዓመት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባሉ ሐኪም በሪኬትስ የታመሙ ሕፃናትን አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሰጥ መብራት ማዳን እንደሚቻል አሳዩ። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ በሙቀትና በአየር ካጠፉት በኋላ ዘይቱ አሁንም ሪኬትስን እንደሚያድን አረጋገጡ። ስለዚህ በዘይቱ ውስጥ ሌላ አዲስ ነገር አለ ማለት ነው። ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉት ስሞች ተይዘው ስለነበር አዲሱ ነገር ቫይታሚን ዲ ተባለ።

አንድ በሽታ በዘይትም በብርሃንም የሚድንበት ምክንያት ኋላ ላይ ግልጽ ሆነ። በቆዳችን ውስጥ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ውሕድ አለ። ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ይህን ውሕድ ሲመታው ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ከቆዳም ሆነ ከምግብ የተገኘው ቫይታሚን ዲ በደም አማካይነት ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያም የመጀመሪያውን ለውጥ ያገኛል። በደም ምርመራ የሚለካው ይህ በጉበት የተለወጠው ዓይነት ነው። ከዚያም በኩላሊት ውስጥ ሁለተኛ ለውጥ ሲደረግበት ሙሉ ኃይል ያለው ሆርሞን ይሆናል። ስለሆነም ቫይታሚን ዲ ሥራውን የሚሠራው ቆዳ ወይም ምግብ፣ ጉበት እና ኩላሊት ተባብረው ሲያዘጋጁት ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

የዚህ ሆርሞን ዋና ሥራ ትንሹ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት እንዲወስድ ማድረግ ነው። ቫይታሚን ዲ በሚያንስበት ጊዜ አንጀት በምግብ ውስጥ ካለው ካልሲየም የሚወስደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በቂ ቫይታሚን ዲ ሲኖር ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ካልሲየም ከምግብ ካልተገኘ ሰውነት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ልብ፣ ጡንቻና ነርቭ ያለ ካልሲየም ሊሠሩ ስለማይችሉ በአንገት ላይ የሚገኙት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞን በመላክ አጥንት እንዲፈርስና ካልሲየሙ ወደ ደም እንዲገባ ያዛሉ። ይህም ማለት ሰውነት የዕለት ጉርሱን ለማግኘት ከጎተራው ይበደራል ማለት ነው።

ካንሰሩና ሕክምናው አጥንትን እንዴት ይጎዳሉ?

ጉዳቱ የሚጀምረው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሉኪሚያ የሚነሣው አጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ነው። የካንሰር ሕዋሳት መቅኔውን ሞልተው ሲያጣብቡት ሕመም ይፈጠራል፤ የሚያመነጯቸው ኬሚካሎችም የአጥንትን ግንባታ አዳክመው ማፍረሱን ያበረታታሉ። በካናዳ በአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ በተያዙ 186 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሽታው በታወቀበት ወቅት 16 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት የአከርካሪ አጥንታቸው ተጨፍልቆ ተገኝቷል። ከእነዚህም መካከል የጀርባ ሕመም ያልተሰማቸው ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው የአጥንት ጉዳት ሳይታወቅ ሊኖር እንደሚችል ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ የሚጠቀሱት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን የተባሉት ስቴሮይዶች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች የሉኪሚያን ሕዋሳት የሚገድሉ ስለሆኑ ሊቀሩ የማይችሉ የሕክምናው አካላት ናቸው። ይሁን እንጂ አጥንትን በአራት መንገድ ይጎዳሉ። አንደኛ፣ አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን ያዳክማሉ፣ ዕድሜያቸውንም ያሳጥራሉ። ሁለተኛ፣ አንጀት ካልሲየም እንዳይወስድ ይከለክላሉ። ሦስተኛ፣ ካልሲየም በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ። አራተኛ፣ ጡንቻን ስለሚያሳሱ ሕፃኑ መሮጥና መዝለል ያቆማል።

ሌሎቹም መድኃኒቶች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሜቶትሬክሴት በአጥንት ገንቢ ሕዋሳት ላይ ይበረታል። ቪንክሪስቲን ነርቭን ስለሚጎዳ የሕፃኑ እግር ይዝላል፣ አካሄዱም ይበላሻል። ለሌሎች የካንሰር ዓይነቶች የሚሰጠው ኢፎስፋማይድ ኩላሊትን በመጉዳት ፎስፌት በሽንት እንዲፈስ ሲያደርግ፣ ሲስፕላቲን ደግሞ ማግኒዚየምን ያስወጣል። ጭንቅላት ላይ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨውን ዕጢ ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ጉዳት የአጥንት ሞት ነው። ወደ አጥንት የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የአጥንቱ ክፍል ይሞታል፤ በተለይ በዳሌ የሚገኘው የጭን አጥንት ራስና ጉልበት ይጠቃሉ። ይህ ችግር የሚበረታው ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ አስተማሪ ግኝት አለ። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በአንደኛው የሕክምና ምዕራፍ ዴክሳሜታሶንን ሃያ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ከመስጠት ይልቅ አንድ ሳምንት ሰጥቶ፣ አንድ ሳምንት አሳርፎ፣ እንደገና አንድ ሳምንት መስጠት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሕሙማን ላይ የአጥንትን ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ካንሰሩን የማሸነፍ ዕድልም በዚህ ምክንያት አልቀነሰም። ስለዚህ አጥንትን የመጠበቅ ሥራ የሚጀምረው ከመድኃኒቱ አሰጣጥ ነው።

በካንሰር የታመመ ሕፃን ቫይታሚን ዲ ለምን ያንሰዋል?

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። በመጀመሪያ፣ ሕፃኑ ለረጅም ጊዜ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ስለሚተኛ ፀሐይ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ኬሞቴራፒ የማቅለሽለሽና የአፍ ቁስል ስለሚያስከትል የሚበላው ምግብ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ ቃጠሎ ስለሚያጋልጡ ሐኪሞች ፀሐይ እንዲቀንስ ይመክራሉ። አራተኛ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ጉዳት ከላይ የተጠቀሰውን ሰንሰለት ሊበጥስ ይችላል። አምስተኛ፣ ለአንጎል ዕጢ ሕሙማን የሚሰጡት እንደ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በጉበት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ቶሎ እንዲፈራርስ ያደርጋሉ።

የቆዳ ቀለምም የራሱ ሚና አለው። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን የተፈጥሮ ጥላ ነው፤ ቆዳን ከቃጠሎ ሲጠብቅ አልትራቫዮሌት ቢንም ስለሚቀንስ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ያንኑ ያህል ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህም ፀሐይ በማይጠነክርባቸው የሰሜን አገሮች የሚኖሩ አፍሪካውያንን፣ ኢትዮጵያውያንንም ጨምሮ፣ በይበልጥ ይመለከታል።

ክኒኑ ብቻውን ይበቃልን?

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ለእነዚህ ሕፃናት ሁሉ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ቢሰጣቸው ችግሩ ይወገዳል» ሊል ይችላል። አሳቡ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን ሳይንስ ምክንያታዊ የሚመስለውን አሳብ ሁሉ በሙከራ ይፈትናል።

በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ በሚገኘው የሴንት ጁድ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ይህ ፈተና ተካሂዷል። በልጅነታቸው ከአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የዳኑና የአጥንት ማዕድን መጠናቸው ከእኩዮቻቸው አማካይ በታች የሆነ 275 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየቀኑ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ ሲወስድ፣ ሌላው ቡድን መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰደ። ሁለቱም ቡድኖች ስለ አመጋገብ ምክር ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ተሳታፊዎቹም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአጥንታቸው ማዕድን ሲለካ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱም በ2015 ታተመ።

ይህን ውጤት እንዴት እንረዳው? ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ የሚያቀርብ ሰው ግንበኛ አይደለም። ድንጋይ በሌለበት ግንበኛው ሥራ ይፈታል፤ ድንጋዩ በቂ ሆኖ ሳለ ተጨማሪ ድንጋይ መከመር ግን ግንቡን አያሳድገውም። ቫይታሚን ዲ ካልሲየም አቅራቢ ነው። ግንበኞቹ ኦስቲዮብላስቶች ናቸው። ለግንበኞቹ ትእዛዝ የሚሰጡት ደግሞ የእድገትና የጾታ ሆርሞኖች እንዲሁም አጥንት የሚሸከመው ጭነት ናቸው። አጥንት ሲራመዱበትና ሲዘሉበት ይጠነክራል፤ ሲተኙበት ይሳሳል። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎች የተመረጡት በአጥንታቸው ማነስ እንጂ በቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም። ስለሆነም ጥናቱ «እጥረት ያለበትን ሕፃን አታክሙ» አይልም። የሚለው «ክኒን ብቻውን አጥንት አይገነባም» ነው።

ቫይታሚን ዲ የካንሰር መድኃኒት ነውን?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚነሣ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። በ1981 የጃፓን ተመራማሪዎች የአይጥ የሉኪሚያ ሕዋሳት ሙሉ ኃይል ባለው የቫይታሚን ዲ ሆርሞን ውስጥ ሲቀመጡ ወደ በሰሉ ሕዋሳት እንደሚለወጡ አሳይተው ነበር። ግኝቱ ብዙ ተስፋ አሳደረ። ይሁን እንጂ ይህን ውጤት በሰው አካል ውስጥ ለማግኘት የሚያስፈልገው የሆርሞን መጠን በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ያደርገዋል። በመስታወት ዕቃ ውስጥ የታየ ነገር በታማሚ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። በአዋቂዎች ዘንድ ደግሞ በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2018 ይፋ የሆነ ጥናት በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ መውሰድ በካንሰር የሚያዙ ሰዎችን ቁጥር እንዳልቀነሰ አረጋግጧል። በመሆኑም ቫይታሚን ዲ የሕፃኑን አጥንት የሚደግፍ እንጂ ኬሞቴራፒን የሚተካ አይደለም።

መጠኑ ምን ያህል ይሁን?

አንድ ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በቀን 400 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ 600 ዩኒት ያስፈልገዋል። ካልሲየምን በተመለከተ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም፣ ከ9 እስከ 18 ዓመት ላለ ደግሞ 1,300 ሚሊ ግራም ተመድቧል። እነዚህ ቁጥሮች ለጤነኛ ልጆች የተሰጡ ናቸው። በደም ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ናኖግራምና ከዚያ በላይ መገኘቱ ለአጥንት በቂ ነው ተብሎ ሲወሰድ፣ ከ12 ናኖግራም በታች መሆኑ ግን እጥረት መኖሩን ያመለክታል።

ከምግብ ብቻ ይህን መጠን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንድ የእንቁላል አስኳል 40 ዩኒት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ 600 ዩኒት ለማግኘት አሥራ አምስት እንቁላል በየቀኑ መብላት ያስፈልጋል። ቅባት የበዛባቸው የባሕር ዓሦች የተሻለ መጠን አላቸው። ጤፍ ከብዙ የእህል ዓይነቶች የበለጠ ካልሲየም ይዟል፤ ሊጡን ማቡካትም ካልሲየምን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሰዋል። ነገር ግን ጤፍ ቫይታሚን ዲ የለውም።

በሌላ በኩል ከመጠን በላይ መውሰድ ጉዳት አለው። ቫይታሚን ዲ በቅባት ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ይልና ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የውሃ ጥምና የኩላሊት ጠጠር ያስከትላል። ያው መመሪያ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት 2,500፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ 3,000፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሆኑ 4,000 ዩኒት በቀን የመጨረሻ ወሰን እንዲሆን አድርጓል። እጥረት ያለበትን ሕፃን ለማከም ሐኪም ከዚህ ከፍ ያለ መጠን ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝ ይችላል። ይህ ግን በምርመራ የሚወሰን ነው፤ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ራሳቸው የደም ካልሲየምን ከፍ ስለሚያደርጉ ያለ ምርመራ መስጠት አደጋ አለው።

ጉዳዩ በአገራችን

አገራችን በዓመት አሥራ ሁለት ወር ፀሐይ የማይለያት ናት። ይሁንና ሪኬትስ በከተሞቻችን ሕፃናት ላይ ለረጅም ዘመን ሲታይ ኖሯል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በሳንባ ምች የታመሙ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሪኬትስ የተገኘባቸው ከሌሎቹ አሥራ ሦስት እጥፍ በሚሆን ደረጃ ነበር። ፀሐይ ከደጅ መኖሯ ብቻ ለሕፃኑ አጥንት ምንም አይፈይድም፤ ቆዳውን መንካት አለባት። ብርድ እንዳይመታው፣ ሰው ዓይን እንዳይገባ ተብሎ ተጠቅልሎ በቤት የሚውል ሕፃን በፀሐይ አገር የፀሐይ ድሀ ይሆናል። ጤነኛ ሕፃናትን ፀሐይ ማሞቅ በሳይንስ የተደገፈ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን የመስኮት መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን ስለማያሳልፍ ከመስኮት ጀርባ ማሞቅ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም።

ከዚህ የምንረዳው በአገራችን በካንሰር የሚታመም ሕፃን ገና ሳይታመም ጎተራው ጎድሎ ሊሆን እንደሚችል ነው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመዳን ተስፋ እየሰፋ መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የጀመረው ዓለም አቀፍ ጥረት በካንሰር ከሚያዙ ሕፃናት ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት በ2030 እንዲድኑ ግብ አስቀምጧል። የሚድኑት ሲበዙ የአጥንት ጉዳይም አብሮ ይበዛል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ምልክትን ማወቅ ነው። በአንድ ሕፃን ላይ ሳያቋርጥ የሚቆይ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም፣ ያለ ጉዳት ማነከስ፣ የቆዳ መገርጣት፣ መበለዝና የማይለቅ ትኩሳት ሲታይ «ሲያድግ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ አጥንት እንዳይጎዳ በመፍራት ስቴሮይድን ወይም ሌላ የካንሰር መድኃኒትን ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። ያልዳነ ሕፃን አጥንቱ ቢጠነክር ትርጉም የለውም።

ሦስተኛ፣ የሕፃኑ ሐኪም ሲፈቅድ መንቀሳቀስ ነው። በአልጋ ዙሪያ መራመድ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት እግርን ማሠራት፣ ከሕክምናው በኋላ ኳስና ገመድ ዝላይ ለአጥንት የግንባታ ትእዛዝ ናቸው።

አራተኛ፣ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ እንቁላልና ዓሣ በተቻለ መጠን መስጠት፣ እጥረት ሲኖርም ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ቫይታሚን ዲን ማሟላት ነው። በሕክምና ላይ ያለን ሕፃን ፀሐይ ለማሞቅ ግን በቅድሚያ ሐኪሙን መጠየቅ ያሻል።

አምስተኛ፣ ከሕክምናው በኋላ የሚሰማ የጀርባ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመምን ለሐኪም ማሳወቅ ነው። በትናንሽ ልጆች የተጨፈለቀ የአከርካሪ አጥንት ከእድገት ጋር ቅርጹን ሊመልስ ይችላል፤ እድገታቸውን ሊጨርሱ በተቃረቡት ግን ይህ ዕድል ጠባብ ነው።

ማጠቃለያ

ቫይታሚን ዲ ለሕፃናት አጥንት የግድ የሚያስፈልግ፣ ሆኖም ብቻውን የማይበቃ ነገር ነው። ሲጎድል አጥንት ይላላል፤ ሲበዛ ኩላሊት ይታመማል፤ በልኩ ሲሆን ከምግብ፣ ከእንቅስቃሴና በጥንቃቄ ከተመጠነ ሕክምና ጋር ተባብሮ አጥንትን ያቆማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የሕፃኑን አጥንት የሚያጸናው የእነዚህ ሁሉ ኅብረት ነው። ነገ በሕክምና፣ በሥነ ምግብና በፋርማሲ ሙያ የምትሰማሩ ተማሪዎች አንድ ሕፃን ከካንሰር ዳነ በተባለበት ቀን ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ አትርሱ፦ በእግሩ ቆሞ ይሄዳልን?

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ሐኪም ለአንድ ሕፃን በቀን 2,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ ቢያዝ፣ ይህ ስንት ማይክሮግራም ይሆናል?

2. የኩላሊት ጉዳት ያለበት ሕፃን በቂ ፀሐይ እያገኘ የቫይታሚን ዲ ሥራ ሊጓደልበት የሚችለው ለምንድን ነው?

3. በሴንት ጁድ ሆስፒታል ጥናት አንደኛው ቡድን አምሳያ ክኒን እንዲወስድ የተደረገው ለምን ይመስላችኋል?

4. በአቼቶ ውስጥ የቆየው የዶሮ አጥንት በሪኬትስ ከተያዘ ሕፃን አጥንት ጋር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?